ኮሶ ወይስ ጥቁር እንጨት? ሁለቱም እየጠፉ ነው፤ ምክንያታቸው ግን ለየቅል ነው

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጽፈዋል፦ «ከአባቴ የወረስኩት አንድ ሄክታር የሚጠጋ ተዳፋት መሬት አርሲ ውስጥ አለኝ። ከፍታው 2,650 ሜትር አካባቢ ነው። ላይኛው ክፍል የተራቆተ ግጦሽ ነው። ታችኛው ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ ጥቂት ቁጥቋጦ ቀርቶበታል። ሰው ሁሉ ባሕር ዛፍ ትከል ይለኛል። እኔ ግን ለልጆቼ የሚቀር አገር በቀል ጠንካራ እንጨት ነው የምፈልገው። ኮሶና ጥቁር እንጨት ሁለቱም ሊጠፉ ተቃርበዋል ሲባል ሰምቻለሁ። የባሰ አደጋ ላይ ያለው የትኛው ነው? እሱን ልትከል። የጥቁር እንጨት ዘር ካገኘሁ በጆንያ ገዝቼ ለሚቀጥለው ዓመት ላስቀምጥ አስቤያለሁ። ቅርፊቱ ውጭ አገር በውድ ይሸጣል የሚባለውስ እውነት ነው?»

ከዘሩ ልጀምር፤ አጣዳፊው እሱ ነው። የጥቁር እንጨት ዘር በጆንያ ገዝተው አያስቀምጡ። ሲቀመጥ ይሞታል። እንደ ገብስና እንደ ስንዴ ደርቆ የሚቆይ ዘር አይደለም። ውስጡ ያለው እርጥበት ሲያልቅ ሕይወቱም አብሮ ያልቃል። ፍሬው ከተለቀመ በኋላ በሳምንታት ውስጥ አፈር መግባት አለበት። በሚቀጥለው ዓመት ከጆንያው የሚያወጡት ላይ ላዩን ደህና የሚመስል፣ ቢዘሩት ግን የማይበቅል ነገር ነው። ገንዘብዎ ብቻ ሳይሆን አንድ ክረምትም ያልፍዎታል። የኮሶ ዘር ግን ሌላ ነው። በደንብ ከደረቀ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ላይ ለወራት ይቆያል።

ይህ የዘር ልዩነት ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን የሁለቱ ዛፎች ችግር ከዚሁ ነው የሚጀምረው። አንድ ዛፍ የሚጠፋው ስለተቆረጠ ብቻ አይደለም። የተቆረጠውን የሚተካ ልጅ ስላላበቀለም ነው። ኮሶና ጥቁር እንጨት ልጅ ማብቀል ያቃታቸው በተቃራኒ ምክንያት ነው። ስለዚህ «የባሰ አደጋ ላይ ያለው የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ ለመሬትዎ መልስ አይሰጥም። መጠየቅ ያለበት «በእኔ መሬት ላይ ራሱን መተካት የሚችለው የትኛው ነው?» የሚለው ነው።

መጀመሪያ ግን ዛፎቹን እንለያቸው። ብዙ ሰው ጥቁር እንጨት ሲባል ዞጲን ያስባል። ዞጲ የቆላ ዛፍ ነው፤ እንጨቱም እውነትም ጥቁር ነው። የደጋውና የወይና ደጋው ጥቁር እንጨት ግን ጥቁርነቱ ቅርፊቱ ላይ ነው። ቅርፊቱ ሻካራና የተሰነጣጠቀ ነው። ሲፈለጥ ውስጡ ቀይ ነው፤ አየር ሲያገኘው እየጠቆረ ይሄዳል። በኦሮምኛ እንደ አካባቢው ሱኬ ወይም ሆሚ ይሉታል። ችግኝ የሚሸጥልዎ ሰው «ጥቁር እንጨት ነው» ቢልዎ አንድ ቅጠል ቀጥፈው በጣትዎ ይሹትና ያሽትቱት። መራራ ለውዝ፣ ወይም የተሰበረ የኮክ ፍሬ ውስጡ የሚሸተውን ዓይነት ሽታ ይሰጣል። የቅጠሉ አንገትም ብዙውን ጊዜ ቀላ ያለ ነው። ሽታው ከሌለ አይግዙ። ሽታው ከኮክ ጋር መመሳሰሉ ያለ ነገር አይደለም፤ ጥቁር እንጨት የኮክ፣ የፕሪምና የለውዝ ዘመድ ነው። ያንን ሽታ የሚያመጣው ግን ሳያናይድ የሚያመነጭ ንጥረ ነገር ስለሆነ ቅጠሉንም የፍሬውን ውስጥም ማኘክ አይገባም። ልጆች ካሉ ይንገሯቸው።

ኮሶን ለመለየት ይህን ያህል ድካም የለም። ቀላ ያለው ቅርፊቱ እየተላጠ ይንጠለጠላል። ረጃጅሙ ቅጠል ከቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ተሰብስቦ ይወጣል፤ ከሥሩ ሲያዩት ብርማ ጸጉር አለው። አበባው እንደ ትልቅ የወይን ዘለላ ቁልቁል ይንዠረገጋል። ሁለቱ ዛፎች አይመሳሰሉም፤ ግን ሁለቱም የጽጌረዳ ቤተሰብ ናቸው። ይህን ስነግራቸው የሚገረሙ ብዙ ናቸው።

አሁን ወደ አደጋው። ጥቁር እንጨት ከዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ዝርዝር ውስጥ «ለመጥፋት የተጋለጠ» ተብሎ ተመዝግቧል። ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ሳይተስ በሚባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት አባሪ 2 ውስጥ ይገኛል። ኢትዮጵያ የስምምነቱ አባል ናት። ኮሶ በዚያ ስምምነት ውስጥ የለም። አገር ውስጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94/1986 ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በስም የጠቀሳቸው አራት ዛፎች ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ ናቸው። ጥቁር እንጨት ከአራቱ ውስጥ አልነበረም። አዋጁ ከዚያ ወዲህ ተተክቷል። ይህን የማነሣው ግን አንዱ ዝርዝር የሚጠብቀውን ሌላው ሊዘለው እንደሚችል እንዲያዩ ነው። አንዱ የዓለም ንግድን ያያል፤ ሌላው የአገር ውስጥ መጋዝን። በዝርዝር ብቻ ተመርቶ ዛፍ የሚመርጥ ሰው ይሳሳታል።

ኮሶ ብርሃን ይወዳል። ዘሩ ደቃቅ ነው፤ አንድ ኪሎ ውስጥ ከ200,000 በላይ ይገኛል። ነፋስ ያነሣውና ይበትነዋል። እንዲህ ያለ ዘር ስንቅ የለውም። ወፍራም ቅጠል ላይ ወይም ጥቅጥቅ ያለ ሣር ላይ ካረፈ ሥሩ አፈር ሳይነካ ይደርቃል። ጥላ ውስጥ ከወደቀም ቢበቅል አያድግም። እርቃኑን የቀረ አፈርና ክፍት ሰማይ ያስፈልገዋል። ለዚህ ነው በምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች፣ ለምሳሌ ኬንያ ተራራ ላይ፣ እሳት ካለፈ በኋላ በአንድ ዕድሜ የበቀሉ የኮሶ ዛፎች በአንድ ላይ ቆመው የሚታዩት። ችግሩ ክፍት ቦታ ባለበት ሁሉ ከብትም መኖሩ ነው። በባሌ ደጋ ግንዳቸው የተጠማዘዘ፣ ሽበት የመሰለ የድንጋይ ሽበት የተንጠለጠለባቸው ሽማግሌ ኮሶዎች ያገኛሉ። ከሥራቸው ግን በአጭሩ የተጋጠ ሣር ነው። አያቶች አሉ፤ የልጅ ልጆች የሉም። ዓይን ሲያያቸው ደን ይመስላሉ፤ ይህ ነው ልብ የሚሰብረው።

ጥቁር እንጨት በተቃራኒው ጥላ ይችላል። ዘሩ ትልቅ ነው፤ አንድ ኪሎው ከ3,000 እስከ 6,000 ገደማ ነው። ስንቅ ይዞ ስለሚወለድ ከሌላ ዛፍ ሥር ተደብቆ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ያልፋል። ከዚያ ከበላዩ ቀዳዳ ሲከፈት ይመነደጋል፤ እስከ 30 ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ዘሩን የሚያሰራጩት ወፎችና ጦጣዎች ናቸው። እዚህ ላይ ነው የሚሰበረው። ደን ተቆራርጦ በእርሻ መሀል ጥቂት ዛፎች ብቻ ሲቀሩ ዘሩን የሚወስድለት እንስሳ ይጠፋል። ከእናቱ ሥር የወደቀው ዘር በሳምንታት ይሞታል። አፈር ውስጥ ተኝቶ ደግ ዘመን የሚጠብቅ ዘር የለውም። እናት ዛፉ ከተቆረጠ ከዚያ ቦታ ዘሩም አብሮ ተቆረጠ ማለት ነው።

የእንጨቱ ጥራትስ? ጠንካራውና ከባዱ ጥቁር እንጨት ነው። ደርቆ አንድ ሜትር ኩቡ ከ700 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ለምሰሶ፣ ለወለል፣ ለመጥረቢያ ዛቢያ ይሆናል። ሲደርቅ ግን መሰንጠቅና መጣመም ይወዳል፤ ስለዚህ በጥላ ተደርድሮ ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት። ኮሶ ቀለል ይላል፤ ቀለሙ ግን የሚያምር ጥቁር ቀይ ነው። ለቤት ዕቃ ይመረጣል፤ ነቀዝ ግን ይደፍረዋል። እንግዲህ «ጠንካራ እንጨት» ሲሉ ጥንካሬውን ብቻ ከሆነ ያሰቡት፣ ጥቁር እንጨት ያሸንፋል። በደን ሙያ ግን ጠንካራ እንጨት የሚባለው ሰፊ ቅጠል ያለው ዛፍ ሁሉ ነው። ጥድና ዝግባ የቱንም ያህል ቢከበሩ በዚያ ምድብ አይገቡም።

ወደ ቅርፊቱ ልምጣ። ወሬው እውነት አለው፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሰሙት። ከጥቁር እንጨት ቅርፊት የሚወጣው ጭማቂ ለፕሮስቴት እጢ እብጠት፣ ካንሰር ላልሆነው ዓይነት፣ መድኃኒት ሆኖ አውሮፓ ውስጥ ከተሸጠ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። ካሜሩንና ማዳጋስካርን የመሳሰሉ አገሮች ቅርፊቱን በብዛት ልከዋል። ቀሪው ግማሽ ይህ ነው፦ ካሜሩን ውስጥ ሰዎች ዛፉን ዙሪያውን ልጠው፣ አንዳንዴም ገንድሰው ወሰዱት። በ2007 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ኅብረት ከካሜሩን የሚመጣውን ቅርፊት አገደ። ዛፍ ምግቡን ከቅጠል ወደ ሥር የሚያወርደው በቅርፊቱ ውስጠኛ ሽፋን ነው። ዙሪያውን ከላጡት ሥሩ ይራባል፤ ቅጠሉ ለጊዜው አረንጓዴ ሆኖ ቢቆይም ዛፉ ሞቷል። በጥንቃቄ የሚሠራበት መንገድ አለ። ግንዱ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ሲኖረው በተቃራኒ ጎኖች አንድ አንድ ሩብ ብቻ ይነሣል፤ ከዚያ ቅርፊቱ እስኪመለስ ዓመታት ይጠበቃል። ያም ሆኖ ያለ ሳይተስ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት ሕገ ወጥ ነው። «ቅርፊት እገዛለሁ» ብሎ ደጅዎ የሚመጣ ሰው ካለ ፈቃዱን ይጠይቁት። ከሌለው በሩን ይዝጉበት። እርስዎ ዛሬ የሚተክሉት ችግኝ ለዚህ የሚደርሰው ደግሞ ከብዙ ዓመት በኋላ ስለሆነ፣ በቅርፊት ገቢ ላይ ዕቅድ አያውጡ።

መድኃኒት ካነሣን አይቀር ስለ ሁለቱም አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። የኮሶ አበባ ለኮሶ ትል መድኃኒት መሆኑ እውነት ነው፤ ትሉም ዛፉም አንድ ስም የያዙት በዚሁ ነው። መጠኑ ሲበዛ ግን ይመርዛል፤ ዓይን እስከ መጉዳት ይደርሳል። ነፍሰ ጡር ሴት ጨርሶ መጠጣት የለባትም። ዛሬ ጤና ጣቢያ መጠኑ የታወቀ የትል መድኃኒት አለ። የጥቁር እንጨት ቅርፊትንም ቤት ውስጥ ቀቅሎ መጠጣት ልክ አይደለም። ሽንት የሚቸገር ሰው መጀመሪያ ሐኪም ይየው፤ ካንሰር ከሆነ በቅርፊት ሲታለል ጊዜው ያልፋል።

አሁን ወደ መሬትዎ። 2,650 ሜትር ዕድለኛ ከፍታ ነው። የሁለቱ ዛፎች ድንበር የሚገናኘው እዚያ አካባቢ ነውና። ኮሶ አገራችን ውስጥ በብዛት የሚገኘው ከ2,400 እስከ 3,200 ሜትር ገደማ ነው። ጥቁር እንጨት የሚመቸው ከዚያ ዝቅ ብሎ እስከ 2,500 ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይም እርጥበትና ከለላ ካገኘ ይበቅላል። ስለዚህ የእርስዎ ከፍታ ለኮሶ ዋናው ቤቱ ነው፤ ለጥቁር እንጨት ግን የላይኛው ጠርዝ ነው። መሬትዎ 2,100 ሜትር ላይ ቢሆን ኖሮ ኮሶን ይርሱት እል ነበር። 3,000 ላይ ቢሆን ደግሞ ጥቁር እንጨትን።

ምክሬ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ኮሶ ይትከሉ። ላይኛውን የተራቆተ ክፍል በሙሉ ለእሱ ይስጡ። ጥቁር እንጨትን በዚያ ሜዳ ላይ በዚህ ዓመት አይሞክሩት፤ ፀሐይና ውርጭ ይፈራረቁበታል። ለእሱ አሁን ያለው ቦታ ወንዙ ዳር፣ ቁጥቋጦው መሀል ነው። ቁጥቋጦውን እንዳይመነጥሩት። «ቆሻሻ ነው፣ ላጽዳው» የሚል ሰው ይመጣል፤ አይስሙት። ያ ቁጥቋጦ የጥቁር እንጨት ሞግዚት ነው። ችግኙ በሚገባበት ቦታ ብቻ ክንድ በክንድ ያህል ይጥረጉለት። ከሦስት አራት ዓመት በኋላ ኮሶዎቹ ጥላ መጣል ሲጀምሩ ጥቁር እንጨትን ከእነሱ ሥር እያስገቡ ወደ ላይ ይውጡ። የኮሶ ጥላ ሳሳ ያለ ነው፤ የሚረግፈው ቅጠሉም አፈሩን ያለማል። በተፈጥሮም ቢሆን ብርሃን ወዳዱ ቀድሞ ይመጣል፤ ጥላ ቻዩ ይከተላል። እርስዎ ያንን ቅደም ተከተል ነው የሚደግሙት።

ኮሶ ሲተክሉ አንድ ነገር እንዳይረሱ። ወንዱና ሴቷ የተለያዩ ዛፎች ናቸው። የሴቷ አበባ ቀይ ነው፤ የወንዱ ነጣ፣ ቢጫ ያለ ነው። ችግኝ እያለ መለየት አይቻልም። ሁለት ወይም ሦስት ዛፍ ብቻ ቢተክሉ ሁሉም ወንድ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያኔ ዘር የለም። ስለዚህ በርከት አድርገው፣ ቢያንስ ሃያ ሠላሳ ያህል፣ ተቀራርበው እንዲቆሙ ይትከሉ። ዘሩንም ከአንድ እናት አይውሰዱ። ተራርቀው ከቆሙ ዛፎች፣ ቢቻል ከአሥራ አምስት በላይ ከሆኑ፣ ጥቂት ጥቂት ይሰብስቡ። ከአንድ እናት የተገኘ ተክል ሁሉ ወንድማማች ነው፤ ልጆቹ ደካማ ይሆናሉ።

ኮሶን ሲያፈሉ አይቅበሩት። መደቡ ላይ በትነው አቧራ የምታህል አሸዋ ብቻ ይነስንሱበት። ውኃውን በጉልበት ካፈሰሱበት ዘሩ ተጠርጎ አንድ ጥግ ላይ ይከማቻል፤ ቀዳዳው በደቀቀ ማጠጫ ያጠጡት። ጥቁር እንጨት ግን ሌላ አያያዝ አለው። ፍሬው ከአረንጓዴ ወደ ሐምራዊ ቡናማ ሲዞር ከዛፉ ላይ ይለቀም። ሥጋው በውኃ ተዘፍዝፎ ይታሽ። ዘሩ በጥላ ይንጠፍጠፍ እንጂ ፀሐይ ላይ አይሰጣ። በዚያው ሳምንት ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ይዘራ። ለመብቀል ወር ተኩል ሊፈጅ ስለሚችል ተስፋ ቆርጠው አፈሩን እንዳይደፉት። ሁለቱም ሰኔና ሐምሌ ላይ መሬቱ በደንብ ሲርስ ይተከሉ።

ሁለት ነገር ላይ ግን ድርድር የለም። አንደኛው አጥር ነው። ከብት የሚገባበት መሬት ላይ ኮሶ መትከል ለከብት መኖ መትከል ነው። ለችግኝ ያሰቡትን ገንዘብ ግማሹን ወደ አጥር ያዙሩት ብል አላጋነንኩም። መቶ ችግኝ ያለ አጥር ከመትከል አርባ ችግኝ በአጥር መትከል ይሻላል። ሁለተኛው ባሕር ዛፍ ነው። ጎረቤትዎ ድንበሩ ላይ ባሕር ዛፍ ካለው ከዚያ ቢያንስ አሥር አሥራ አምስት ሜትር ይራቁ። ውኃውን ይሻማቸዋል፤ ችግኞቹም ይሸነፋሉ።

ልጆችዎ አንድ ቀን ሊቆርጡት እንዲችሉ ደግሞ ከአሁኑ ወረቀት ያዘጋጁ። አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግል ደንን ያውቃል። ግን ኮሶ ጭኖ መንገድ ላይ የተያዘ ሰው «እኔ የተከልኩት ነው» ቢል በቃል ብቻ ማን ያምነዋል? የተከሉበትን ቀን፣ የዛፎቹን ብዛትና ቦታውን ጽፈው ለወረዳው ግብርና ወይም ደን ጽሕፈት ቤት ያስመዝግቡ። ማኅተም ያለበትን ቅጂ ከመሬት ይዞታ ደብተርዎ ጋር ያስቀምጡ። ለመቁረጥ ሲታሰብ ደግሞ መጀመሪያ ፈቃድ መጠየቅ ነው።

ይህ ጽሑፍ ሲደርስዎ በጋ ከሆነ በአካባቢዎ ደጋ ላይ ወጣ ብለው ኮሶዎቹን ይዩ። ቀይ ዘለላ ያንጠለጠሉትን፣ ሴቶቹን፣ ቆጥረው ቦታቸውን ይጻፉ። ዘለላው ደርቆ በእጅ ሲታሽ መፈርፈር ሲጀምር ተመልሰው ይሂዱ። ዘለላውን ሁሉ እንዳይለቅሙት፤ ለነፋሱም ይተዉለት።